ከቃሬዛ እስከ ጽኑ ሕሙማን ክፍል

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የመጀመሪያውን ጉዳት ሁላችንም እናየዋለን፤ ከበቅሎ መውደቅ፣ የመኪና መገልበጥ፣ የዱላ ምት፣ ከገደል አፋፍ መንሸራተት። እሱ በቅጽበት ያልፋል፤ የትኛውም ሐኪም ወደኋላ ተመልሶ አያስቀረውም። ሁለተኛው ጉዳት ግን በዐይን አይታይም። ሰውየው ራሱን ስቶ ተኝቶ ሳለ፣ አየር ሲያጥረው፣ ደሙ ሲጎድል፣ አንጎሉ ሲያብጥ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። ለአንጎል ሕሙማን የሚሰጠው የጽኑ ሕክምና በአብዛኛው የሚደክመው ይህን ሁለተኛውን ለማስቀረት ነው። አንድ ሐኪም ብቻውን፣ ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ አያስቀረውም።

ጉዳዩን ከደባርቅ ተነሥተን ለማየት የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር ናት። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ በኩል የሚመጣ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በእርሷ ነው፤ ከአዲአርቃይ የሚመጣው ደግሞ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥቶ እዚያው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በዳባት አድርጎ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአካባቢው ሰው በአጭሩ "ጎንደር ሆስፒታል" የሚለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ማለትም ሐኪም የሚያክምበትም ሐኪም የሚሠለጥንበትም ቤት፣ ያለው በዚህ መንገድ ጫፍ ነው። ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

የማይለጠጥ ቅል

ቋንቋችን ለዚህ አጥንት የሰጠው ስም ልክ ነው፤ ራስ ቅል ይለዋል። ቅል አይለጠጥም። እጅ ወይም እግር ሲያብጥ ቆዳው ይወጠራል እንጂ ቦታ ያገኛል። አንጎል ሲያብጥ ግን፣ ወይም ከራስ ቅሉ ሥር ደም ሲጠራቀም፣ መሄጃ የለውም። ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ በጨመረ መጠን ከልብ የሚመጣው ደም ወደ ላይ ለመግባት ይቸገራል።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ የሰውየው የደም ግፊት ቢወርድ ምን ይሆናል? ወደ አንጎል የሚገባው ደም ከሁለቱም በኩል ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ በከባድ የጭንቅላት ጉዳት በተያዙ ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ለአንድ ጊዜ እንኳ ከ90 በታች መውረዱ ከሞት መጠን እጥፍ መሆን ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ልብ ይበሉ፤ አንድ ጊዜ ነው። የኦክስጅን ማነስም እንዲሁ ክፉ ነው።

እዚህ ላይ የደጋው አየር ይመጣል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ያንሳል። ጤነኛው የአገሬው ሰው ለምዶታል፤ ገብሱን ያጭዳል፣ ዳገቱን ይወጣል። ምላሱ ወደ ጉሮሮው የተንሸራተተበት፣ ትውከትና ደም አፉን የሞላው ሰው ግን ከመጀመሪያው ትርፍ የለውም። ቆላ ላይ አምስት ደቂቃ የሚታገሠው መታፈን እዚህ ያን ያህል አይታገሠውም።

ቃሬዛ የተሸከሙት

መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሕመምተኛ የሚወርደው በቃሬዛ ነው። ቃሬዛ የተሸከመ ያውቀዋል፤ አራቱ ሲደክሙ ሌሎች አራት ይተካሉ፣ ትከሻ ይቀያየራሉ፣ ቃሬዛው ግን መሬት አይነካም። ማንም ማንንም "ያንተ ተራ አይደለም" አይልም። ከፊት ያለው ድንጋዩን ለኋላው ይናገራል። ስለ ቡድን ሕክምና የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ግን አላገኘሁም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የቡድኑ አባላት ነጭ ጋወን የለበሱት ሳይሆኑ እነዚህ ናቸው፤ ጥቂት ነገር ቢያውቁ ደግሞ ብዙ ያተርፋሉ።

አንደኛ፣ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ውኃ፣ ስኳር በውኃ፣ ወተት፣ አረቄ፣ "ይንቃ" ተብሎ ቡና፣ ሁሉም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠበልም ቢሆን መርጨት እንጂ ማጠጣት አይገባም። ይህን የምንለው እምነትን ከሕክምና ጋር ለማጣላት አይደለም፤ መዋጥ የማይችል ሰው ምንም ይሁን ምን መዋጥ ስለማይችል ነው።

ሁለተኛ፣ በጀርባው አይተኛ። በጎኑ ይሁን፣ ትውከቱና ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስ። ሲያገላብጡት ግን አንገቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከትከሻው ጋር አስተካክሎ ይያዝ፤ ሌሎቹ ሦስት ወይም አራት ሆነው ገላውን እንደ አንድ ግንድ አብረው ያዙሩት። ደም የሚፈስ ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ነው እንጂ የቡና ዱቄት ወይም አፈር መነስነስ ጉዳቱ ይብሳል።

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ሰዓቱን መያዝ ነው። መቼ ወደቀ? ከወደቀ በኋላ ተናግሮ ነበር? ይህ ጥያቄ ሕይወት ያተርፋል። ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ከወደቀበት ተነሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ቤቱ ሄዶ እራቱን በልቶ ይተኛል። ቤተሰቡም "ደክሞት ነው፣ ይተኛበት" ይላል። በዚያ መካከል ግን ከራስ ቅሉ ሥር የተቆረጠች ትንሽ የደም ሥር ደም እያጠራቀመች ነው። የሚብስ ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ያለ ጊዜው እንቅልፍ፣ የንግግር መንተባተብ፣ የአንድ ወገን መስነፍ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወርድ ንጹሕ ፈሳሽ፣ አንዱ የዐይን ብሌን ከሌላው መስፋት፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። አደጋውን በዐይኑ ያየ አንድ ሰው አብሮ ይሂድ። አባትና እናት አልቅሰው ሊከተሉ ይችላሉ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀውን መመለስ የሚችለው ግን ያየው ሰው ነው።

ደባርቅ ላይ ምን ሊደረግ ይችላል?

"እዚያ ነርቭ ሰርጀን የለም፣ ምን ሊያደርጉለት ነው? በቀጥታ ጎንደር ውሰዱት" የሚል ብዙ ነው። ንግግሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው መዘግየት የለበትም። ሌላው ግማሽ ግን አደገኛ ነው። የአየር መንገዱ ያልተከፈተ፣ ደሙ ያልቆመ ሰው መኪና ላይ ጭኖ 100 ኪሎ ሜትር መንዳት ሁለተኛውን ጉዳት ይዞ መጓዝ ነው። በአቅራቢያው ያለው ሆስፒታል የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው፤ አየር፣ ኦክስጅን፣ የአንገት ድጋፍ፣ በደም ሥር ፈሳሽ፣ መድማትን ማቆም። እነዚህ የነርቭ ሰርጀን አይጠይቁም። የሠለጠነ ነርስና ጠቅላላ ሐኪም በደቂቃዎች ውስጥ ይሠሩአቸዋል።

ከዚያ መቁጠር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ ሁለት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች፣ ቲዝዴልና ጄኔት፣ አንድ ቀላል መለኪያ አወጡ። ሕመምተኛው ዐይኑን እንዴት ይከፍታል? እስከ 4 ነጥብ። እንዴት ይናገራል? እስከ 5። ሲታዘዝ ወይም ሲያመው እንዴት ይንቀሳቀሳል? እስከ 6። ሙሉ ነቅቶ ያለ ሰው 15 ያገኛል፤ ዝቅተኛው 3 ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። ማሽን አያስፈልገውም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ዋጋው ግን በአንዱ ቁጥር ሳይሆን በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ደባርቅ ላይ 13 የነበረ ሰው ጎንደር ሲደርስ 9 ከሆነ፣ ተቀባዩ ሐኪም ምንም ሳይነገረው አንጎሉ እየተጨነቀ መሆኑን ያውቃል። የደባርቁ ቁጥር ካልተጻፈ ግን 9 ብቻውን ምን ይላል? ያው "ከባድ ነው" ከማለት አያልፍም።

ለዚህ ነው የሪፈር ወረቀቱ ከመድኃኒቱ እኩል የሆነው። ቁጥሩና ሰዓቱ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ የደም ግፊቱ መጻፍ አለባቸው። ለጎንደር አስቀድሞ ስልክ መደወል ደግሞ ከወረቀቱ ይቀድማል፤ የሚቀበለው ቡድን ሲቲ ስካኑንና ደሙን ያዘጋጃል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ቤተሰብም ያለ ሪፈር ወረቀት ሲሄድ የገንዘብ ችግር ሊገጥመው ስለሚችል ወረቀቱን ሳይዝ አይነሣ።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ሰው "ዴክሳ ይወጋ" ብሎ ይለምናል። እብጠት ይቀንሳል ተብሎ የጭንቅላት ጉዳት ለደረሰባቸው ሰዎች ለብዙ ዓመታት የዚህ ዓይነት ስቴሮይድ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ዓለም አቀፍ ጥናት ውጤት ሲወጣ ግን ስቴሮይድ የተሰጣቸው የበለጠ ሞተው ተገኙ። በሌላ በኩል ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው፣ ደም መፍሰስን የሚገታ ርካሽ መድኃኒት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ አደጋው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ባለባቸው ላይ በጭንቅላት ጉዳት የሚመጣውን ሞት ቀንሷል፤ ከባድ ጉዳት ባለባቸው ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ሦስት ሰዓት! ከጃናሞራ ለተነሣ ሰው ይህ ሰዓት የሚያልቀው ጎንደር ሳይደርስ ነው። መድኃኒቱ ሊጠቅም የሚችለው መንገድ ላይ ባሉት ሆስፒታሎች ሲገኝ ነው ማለት ነው።

አልጋው ዙሪያ

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ነገር ራሱ የተወለደው ከብዙ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ፤ መተንፈስ ካቃታቸው ሕሙማን ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። ብዮርን ኢብሰን የሚባል የሰመመን ሐኪም አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋን አስበስቶ አየር በእጅ እየጨመቀ አተረፋት። ለሌሎቹ ግን መሣሪያ ከየት ይምጣ? 1,500 ያህል ተማሪዎች እየተፈራረቁ፣ ሌት ተቀን፣ በእጃቸው አየር ጨመቁ። ሞቱ ከግማሽ በታች ወረደ። በዓመቱ ኢብሰን እንዲህ ያሉ ሕሙማን በአንድ ላይ የሚጠበቁበትን ክፍል ከፈተ።

የእኛው ጎንደር ለዚህ ሐሳብ ባዕድ አይደለም። የጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ማግስት ሲቋቋም፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለየብቻ አላስተማረም። በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው መለያ ነው። በነርቭ ቀዶ ሕክምና በኩል ግን አገሪቱ ዘግይታለች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ፣ ሥልጠናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች ጋር ነው። ዛሬ በየክልሉ የምናያቸው ወጣት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የወጡ ናቸው።

ቀዶ ሐኪሙ የራስ ቅሉን ከፍቶ የተጠራቀመውን ደም ያወጣል። ቤተሰብ የሚያውቀውም የሚያመሰግነውም እሱን ነው። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው የሚፈጀው ሰዓታት ሲሆን አልጋው ላይ የሚቀረው ጊዜ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ነው። በዚያ ጊዜ ሕመምተኛውን የሚጠብቀው ማን ነው? ነርሷ ናት። በየሰዓቱ የዐይኑን ብሌን በባትሪ ታያለች፣ ነጥቡን ትቆጥራለች፣ የአልጋውን ራስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጋ ታቆያለች፣ አክታውን ትስባለች፣ እንዳይቆስል ታገላብጠዋለች፣ ትኩሳቱንና የደም ስኳሩን ትከታተላለች። የሰመመን ባለሙያው የመተንፈሻ መሣሪያውን ያስተካክላል። ፋርማሲስቱ መጠኑን ያሰላል፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ገና ራሱን ሳያውቅ እጅና እግሩን ታንቀሳቅሳለች፣ ላቦራቶሪው ሶዲየሙን ይነግራል። የኦክስጅን መስመሩንና የቬንቲሌተሩን ጤና የሚጠብቀው የባዮሜዲካል ባለሙያ ስሙ አይነሣም፤ እሱ አንድ ሌሊት ቢጠፋ ግን ሁሉም ይታወሳል።

"ድር ቢያብር" የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ድሩ ግን በራሱ አያብርም፤ የሚፈትለው ይፈልጋል። በሆስፒታል የሚፈትለው የጠዋቱ የጋራ ጉብኝት ነው። ሁሉም አልጋው አጠገብ ቆመው "ሌሊቱን ምን ተለወጠ? ዛሬ ምን እናደርጋለን? ማን ይሠራዋል?" ይባባላሉ። ትልቁ ፈተና መሣሪያ ሳይሆን ባህላችን ይመስለኛል። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም ይላል፤ ይህ በማዕድ ዙሪያ ያምራል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመችው ነርስ "ዶክተር፣ የግራ ዐይኑ ከትናንት ይልቅ ሰፍቷል" ለማለት ፕሮፌሰሩን ካፈረች ግን ሕይወት ይጠፋል። ጥሩ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሚታወቀው ኢንተርኑና ነርሷ ሳይፈሩ በሚናገሩበት ጉብኝት ነው።

መሣሪያ ከሌለን ምን ዋጋ አለው የሚል ካለ አንድ ጥናት ይስማ። በቦሊቪያና በኢኳዶር 324 ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው ታከሙ። ግማሾቹ በራስ ቅላቸው ውስጥ ግፊት የሚለካ መሣሪያ ተደረገላቸው፤ ሌሎቹ በተደጋጋሚ የአልጋ ላይ ምርመራና በሲቲ ስካን ብቻ ተጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ይህ መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ በሠለጠነ ዐይን ሥር፣ ሌት ተቀን ተጠብቀዋል። ልዩነት የሚያመጣው ያ ጥበቃ ነው።

አስታማሚም የቡድኑ ነው

በአገራችን ሆስፒታል ያለ አስታማሚ አይታሰብም። መድኃኒት የሚገዛው፣ ደም የሚለግሰው፣ ልብስ የሚያጥበው እሱ ነው። ከደባርቅ ወርዶ ጎንደር ላይ ማደሪያ ፍለጋ የሚንከራተት፣ በግቢው ሣር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድር ብዙ ነው። ቡድኑ እንደ አባል ሲቆጥረው ግን ሌላም ይሰጣል። ሕመምተኛው ግራ እጁ ነበር ወይስ ቀኝ? የሚጥል በሽታ ነበረበት? ቡና ሳይጠጣ መዋል ይችላል? "እሱ እኮ እንዲህ አይናገርም ነበር" የሚለው የእናት ቃል አንዳንዴ ከሲቲ ስካን ይቀድማል።

ክፍሉ ሲከለክልዎት አይቀየሙ። አሥር ዘመድ በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲቆም በሽታ ይዞ ይገባል። አንድ ወይም ሁለት ሆነው ይግቡ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ስሙን ጠርተው በቀስታ ያናግሩት። "ተርቦ ነው" ብለው በድብቅ ምግብ አያቅምሱት፤ በአፍንጫው የገባው ቱቦ ምግቡን ያደርሳል።

በጣም ከባዱ ወሬ ነው። ጠዋት አንዱ ሐኪም "ተስፋ አለው" ይላል፤ ከሰዓት ሌላው "ጸልዩ" ይላል። ቤተሰቡ የሰማውን ሁለት ቃል ይዞ ሌሊቱን ሲከራከር ያድራል፤ ከብቱን ልንሸጥ ወይስ ሰውየውን ይዘን ወደ አገራችን ልንመለስ? እንዲህ ሲሆን ከዘመዱ መካከል አንድ ሽማግሌ ወይም አንድ የተማረ ልጅ ተመርጦ፣ ከቡድኑም አንድ ኃላፊ ሐኪም ተመርጦ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቢገናኙ ብዙ ጭንቀት ይቀላል። ሐኪሙም መጥፎውን ወሬ ከነርሷ ጋር ሆኖ፣ ተቀምጦ፣ ግልጽ በሆነ አማርኛ ይናገር። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ይህ ሕዝብ ያውቃል፤ ቆሞ፣ በኮሪደር ላይ፣ በእንግሊዝኛ ቃል አይነገርም።

ወደ ደጋው መመለስ

ከአልጋ መነሣት የሕክምናው መጨረሻ አይደለም። አንጎሉ የዳነ ሰው ቤቱ ሲገባ እንደ በፊቱ ላይሆን ይችላል። ቶሎ ይቆጣል፣ ይረሳል፣ ጩኸት ያስጨንቀዋል፣ ቀን ይተኛል። ሚስት "ጸባዩ ተለወጠ፣ ሌላ ሰው አመጡልኝ" ስትል እውነቷን ነው፤ እሱም እውነቱን ነው። ልክፍት አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም፤ ጉዳቱ ነው። በወራት ውስጥ ብዙው ይሻሻላል።

ጎንደር በዚህ በኩል ልዩ ቦታ አለው። የፊዚዮቴራፒ የዲግሪ ትምህርት በኢትዮጵያ የተጀመረው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰው ራሱን ችሎ ልብስ እንዲለብስ፣ እንዲጎርስ፣ ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚያለማምደው የኦክዩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም እንዲሁ፤ ይህኛው ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ችግሩ ባለሙያዎቹ ጎንደር፣ ሕመምተኛው ደባርቅ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ፊዚዮቴራፒስቷ እንቅስቃሴዎቹን በእርስዎ እጅ እንድታሠራዎት ይጠይቁ፤ ማየት ብቻ አይበቃም። በስልክዎ ይቅረጹት። ለመንቀጥቀጥ የታዘዘ መድኃኒት ካለ "ተሽሎታል" ብሎ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ይገኝ እንደሆነ፣ ካልተገኘም በምን እንደሚተካ፣ ፋርማሲስቱ በወረቀት ጽፎ ይስጥዎት።